ለነዳጅ ማደያ የስምንት ዓመት ብድር? የአየር ንብረት ሽግግር ስጋትና የኩባንያ ብድር

አብማ (ደብረ ማርቆስ)፦

ጤና ይስጥልኝ። ማርቆስ ውስጥ በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ የብድር ተንታኝ ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ አንድ ማመልከቻ እንቅልፍ ነስቶኛልና ልምድ ያላችሁ ብታግዙኝ።

አመልካቹ የቆየ ደንበኛችን ነው። ከተማው ውስጥ አባቱ ያቋቋሙት ማደያ አለው፤ እስካሁን የወሰደውን ሁሉ አንድም ወር ሳያዛንፍ ከፍሏል። አሁን ከደጀን ወደ ቡሬ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ሁለተኛ ማደያ ለመሥራትና ሁለት ቦቴ ለመግዛት የስምንት ዓመት ብድር ጠይቋል። የመጀመሪያው ዓመት የእፎይታ ጊዜ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ለመያዣ ያቀረበው አዲሱን ማደያ፣ ቦቴዎቹንና የከተማውን ነባር ማደያ ነው። ልብ በሉ፤ ገቢውም ነዳጅ፣ መያዣውም ነዳጅ ነው።

የንግድ ዕቅዱ ሽያጩ በየዓመቱ እያደገ እንደሚሄድ ይገልጻል። የእኛ ቅጽ የሚጠይቀው ደግሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መቅረብ አለመቅረቡን ብቻ ነው። ይህ ማለት ማደያው አካባቢውን ይጎዳል ወይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የተገላቢጦሹ ነው፤ ዓለምም አገራችንም ከነዳጅ ለመላቀቅ የሚወስዱት እርምጃ ማደያውን ቢጎዳውስ? መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህም ብቅ ማለት ጀምሯል።

በውጭ አገር ይህ ነገር «የሽግግር ስጋት» እየተባለ የኩባንያዎችን የቦንድ ወለድና የብድር ደረጃ እንደሚነካ አንብቤያለሁ፤ ያነበብኩት ሁሉ ግን ስለ ግዙፍ የነዳጅና የከሰል ኩባንያዎች ነው። አሠራሩ በትክክል እንዴት ነው? እኔ ጠረጴዛ ድረስስ ይወርዳል? ሥራ አስኪያጃችን «የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ልጁ ከፋይ ነው፤ ጻፊለት» ብለውኛል።


ጢስ ዓባይ ማዶ (ባሕር ዳር)፦

እህቴ፣ ልጁ ከፋይ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን የብድር ስጋት የሰው ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባንክ ተንታኝ ቀጥሮ ደመወዝ ባልከፈለ፤ ሽማግሌ ጠርቶ ስለ ልጁ ዘር ማንዘር መጠየቅ ይበቃው ነበር። ለረጅም ጊዜ በብድር ኮሚቴ ተቀምጫለሁ። ጨዋ ተበዳሪ የሚሸጠው ዕቃ ገበያ አጥቶበት ቤቱ በሐራጅ ሲሄድ አይቻለሁ።

በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ የነበሩት ማርክ ካርኒ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ለንደን ውስጥ ለኢንሹራንስ ሰዎች ባደረጉት ንግግር ከአየር ንብረት ለውጥ የሚመጣውን የገንዘብ ስጋት በሦስት ከፈሉት። ጎርፉና ድርቁ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው። ተጎጂው ካሳ ጠይቆ ሲከስ የሚመጣው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው አንቺ ያነሳሽው የሽግግር ስጋት ነው፤ ሕግ፣ ቴክኖሎጂ ወይም የሰው ፍላጎት ተለውጦ ትናንት ብዙ ያወጣ የነበረ ንብረት ዛሬ ዋጋ ሲያጣ የሚመጣው ነው።

ይህ ከባለ አክሲዮን ይልቅ አበዳሪን ለምን ያሳስበዋል? ባለ አክሲዮን ነገሩ ከተሳካለት ትርፉ ወሰን የለውም፤ ስለዚህ መጥፎውን ዕድል በጥሩው ያጣጣዋል። አንቺ ግን ማደያው ምንም ያህል ቢያተርፍ የምታገኚው ዋናውንና ወለዱን ነው። መልካሙ ዕድል ለእሱ፣ የከፋው ለሁለታችሁም። ስለዚህ «በአማካይ ይሳካል ወይ?» የእሱ ጥያቄ ነው። የአንቺው ጥያቄ «ካልተሳካ የሚከፋው መቼ ነው? ያን ጊዜስ ስንት ዕዳ ቀርቶት ይሆናል?» የሚል ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ብድር እንዲበላሽ ነዳጁ ከዓለም መጥፋት የለበትም። በአሜሪካ ትልቁ የግል የድንጋይ ከሰል አምራች የነበረው ፒባዲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2016 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ከአምስት ዓመት በፊት ገበያው በደራበት ሰዓት አንድ የአውስትራሊያ የከሰል ኩባንያ በብድር ገዝቶ ነበር። ከዚያ ርካሽ የተፈጥሮ ጋዝ መጣ፤ የአካባቢ ሕጉ ጠበቀ፤ የቻይና ፍላጎት ቀዘቀዘ። የኪሳራው ሂደት ሲካሄድ ማዕድን ማውጫዎቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ኩባንያውም በዓመቱ ከኪሳራው ወጥቶ ዛሬም ከሰል ይሸጣል። ከሰሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ያንን ዕዳ የሚሸከመው ትርፍ ነው። አበዳሪውን የሚያከስረው ይህችው ልዩነት ናት።

የብድር ደረጃ አውጪዎቹም ነቅተዋል። ኤስ ኤንድ ፒ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የነዳጅና ጋዝ ዘርፍን አጠቃላይ ስጋት ከፍ አደረገ፤ በወሩ የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያዎቹን ኤክሶንንና ሼቭሮንን በአንድ እርከን ዝቅ አደረጋቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የኃይል ሽግግር ነበር። አንድ እርከን በሁለት ዓመት ብድር ላይ ከቁጥር አይገባም፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት በሚቆይ ቦንድ ላይ ግን ገዢውን ተጨማሪ ወለድ ያስጠይቃል። የአውሮፓን የካርቦን ገበያ ተመልከቺ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ቶን ካርቦን የመልቀቅ ፈቃድ ከ10 ዩሮ በታች ይሸጥ ነበር፤ በየካቲት 2023 ከ100 ዩሮ በላይ ወጣ። በ2017 ለሲሚንቶ ፋብሪካ የአሥር ዓመት ብድር የሰጠ ባንክ በውሉ እኩሌታ ላይ ሌላ ፋብሪካ አበድሮ አገኘው ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን። ያነበብሽውን እዚህ እንዳለ አምጥተሽ ብትፈልጊው አታገኚውም። እዚያ ስጋቱ በወለድ ልዩነት ይታያል፤ ገበያው በየቀኑ ዋጋ ይሰጠዋል። የእኛ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ነው፤ በየዕለቱ የሚገበያይ የኩባንያ ቦንድ ገና የለንም። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አደረገ፤ በኋላ ከፍ እያደረገው መጣ እንጂ ብድር አሁንም ወረፋ ነው። ዕቃ በወረፋ ሲታደል ዋጋው አይናገርም። ስለዚህ ስጋቱን በወለድ ላይ ግማሽ በመቶ ጨምረሽ ልታስተናግጂው አትሞክሪ፤ ደንበኛው ይከፍልሻል፤ ስጋቱ ግን እዚያው ይቀመጣል። በእኛ ገበያ የሽግግር ስጋት ቦታው የብድር ዘመኑና የመያዣው ግምት ነው።

ወደ ልጁ ማመልከቻ ስንመጣ፣ የማደያን ገቢ አስቢው። የነዳጅን ዋጋም የማደያውን ህዳግም (በሊትር የሚያተርፈውንም) የሚተምነው መንግሥት ነው። ሱቅ ቢሆን ገበያ ሲቀንስበት ዋጋ ይጨምራል ወይም ሌላ ዕቃ ያመጣል። ማደያ ያለው ሊትር ብቻ ነው፤ ሊትሩ ሲቀንስ ገቢው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ብርን ትተሽ ሊትርን ጠይቂው። «ጠቅላላ ሽያጭ» የሚል አንድ አምድ ግን አትቀበዪው፤ ቤንዚንና ናፍጣ ይለያይልሽ። ክልከላው የመጣው በግል መኪና ላይ ነው፤ የግል መኪናው ደግሞ በአብዛኛው ቤንዚን ጠጪ ነው። ባጃጅና ሞተር ብስክሌትም እንዲሁ፤ እነሱን በባትሪ መተካት ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። የጭነት መኪናና አውቶቡስ ግን ናፍጣ ነው፤ ቶሎ አይለወጥም። ግምቴ እውነት ከሆነ ኮሚቴው «አዲስ ነው፣ ያሰጋል» የሚለው የመንገድ ዳሩ ማደያ ሻል ያለው ሆኖ፣ «ነባር ነው፣ አስተማማኝ ነው» የሚለው የከተማው ማደያ የሳሳው መያዣ ይሆናል።


የቦቴ ሰው (ደጀን)፦

አያ ጢስ ዓባይ ንግግራቸው ያምራል፤ ነገር ግን እኔ ከጅቡቲ ነዳጅ እየጫንሁ የዓባይን በረሃ ወርጄ የምወጣ ሰው ነኝና ጥቂት ልበል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ደጀን የሚወጣ የባትሪ ተሳቢ እስካይ ድረስ ስለ ሽግግር የሚያወራኝን ሰው ቡና ጋብዤ ነው የምሸኘው። ከአዲስ አበባ ከወጣችሁ በኋላ ቻርጅ ማድረጊያ ፈልጉ እስቲ። መብራቱስ? ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ እሰየው ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት ትልቅ ነገር ነው። እኛ ሰፈር ግን ዝናብ ሲያጉረመርም መብራት መሄዱ አልቀረም። ኃይል ማመንጨትና ኃይሉን ሰፈር ድረስ ማድረስ ለየቅል ናቸው።

ሌላው፣ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ ያገለገለ የቤንዚን መኪና ዋጋ ወጣ እንጂ አልወረደም። ጎረቤቴ መኪናውን ከገዛበት በላይ ሸጠው። ታዲያ ይህ የሽግግር ስጋት የተባለው መያዣን ያረክሳል ወይስ ያስወድዳል?

የእኛን ብድር የሚያበላሸው ደግሞ የታወቀ ነው። መንገድ ይዘጋል፤ ቦቴ ደጀን ወይም ሌላ ቦታ ይቆማል፤ የቆመ ቦቴ ወለድ አይከፍልም። ባንኮች ይህን ለመጠየቅ ይሽኮረመሙና ሃያ ዓመት ወደፊት ያለውን አየር ንብረት ይጠይቁናል።


ዘንገና (እንጅባራ)፦

ከአዊ ነኝ፤ የአንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ እሠራለሁ። ስለ ማደያ ብዙ አላውቅም፤ ስለ ከሰል ግን አውቃለሁ።

ፋግታ ለኮማንና አካባቢውን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ገበሬው የእህል ማሳውን ሳይቀር ዲከረንስ በሚባል ዛፍ ሸፈነው። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ይከሰላል፤ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ከአፈሩም ከገበያውም ጋር ተስማምቶ ነበር። ለከሰል ነጋዴና ለገበሬው ስናበድር ውይይታችን ሁሉ የአዲስ አበባ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞራል አይዞርም የሚል ነበር። የእናንተው የሽግግር ስጋት መሆኑ ነው። እሱን ስንለካ በሽታው ገባ። ቅጠሉና ቅርንጫፉ ዝገት የመሰለ ነገር እያወጣ ዛፉ ቆሞ ደረቀ። አንድ አባላችን ለልጁ ሠርግ ቆጥሮት የነበረውን ማሳ ሳይደርስ ቆርጦ ለማገዶ ሸጠው፤ ጭራሮ ሆኖ ነበርና ከሰል እንኳ አልወጣውም።

ስለዚህ የከሰሉ ገዢ ሳይጠፋ ከሰሉ ጠፋ። እኅት አብማ፣ ስጋቱን በስም በስሙ መከፋፈሉ ለጽሑፍ ያምር ይሆናል፤ ሁሉም የሚመጣው ግን በዚያው በአንዱ የመክፈያ ቀን ላይ ነው።


ጢስ ዓባይ ማዶ፦

የቦቴ ሰው፣ ቡናውን ደጀን ስመጣ እጠጣለሁ። ናፍጣን በተመለከተ እኮ አልተለያየንም፤ መንገድ ዳሩ ይሻላል ያልሁት ስለዚያው ዳገት ነው። ስለ መንገድ መዘጋት የተናገርኸው ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። የተዘጋ መንገድን ማንም ተንታኝ ሳይጽፈው ማለፍ የለበትም።

የመኪና ዋጋ መውጣቱን ግን እንደ ማስተማመኛ አትውሰደው። ሁለት ነገር ተደርቦበታል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲለካ ተወደደ፤ የመኪናው ዋጋ ግማሹ የዶላር ዋጋ ነው። ሌላው እጥረት ነው፤ ምትክ ካልገባ ያለው ይወደዳል። ነገር ግን እጥረት ያስወደደው ዕቃ መለዋወጫው የጠፋና የሚጠግነው ጋራዥ የዘጋ ቀን ገዢው በአንድ ጊዜ ይሸሻል። ገማቹ ዛሬ የሚጽፈው ዋጋ የዛሬ ነው፤ ባንኩ በሐራጅ የሚሸጠው ግን ደንበኛው ባቃተው ቀን ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ለባንክ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣ የመሸጥ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ገዢ ግን አይሰጠውም። ደግሞም አንድ ማደያ ነዳጅ ገዢ በማጣቱ ለሐራጅ ሲወጣ የጎረቤቱም ማደያ በዚያው ሰሞን ይወጣል፤ ተጫራቹ ማን ይሆናል?

ዘንገና፣ ስለ ዲከረንሱ የጻፍሽው ልብ ይነካል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። መከፋፈሉ ለጽሑፍ ማሳመሪያ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው። በሽታ ነገም ሊመጣ ይችላል፤ የብድር ዘመን በማሳጠር አታመልጪውም፤ አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ባለመደገፍ እንጂ። የሽግግር ስጋት ግን ከዓመት ዓመት ይከማቻል፤ በሦስተኛው ዓመትና በስምንተኛው ዓመት እኩል አይደለም። የብድር ዘመን ማሳጠር የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ቢሆንም ድንገተኛነቱም አይዘንጋ፤ የመኪናው ክልከላ ሲመጣ አስመጪዎች ብድር ወስደው መኪና ያዘዙበት ጊዜ ነበር።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ያለባት ደጀን ከተነሳች አይቀር፣ ሲሚንቶንም ያነሳብኝ አንድ ወዳጄ ነበር። ከሲሚንቶ የሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ ከማገዶው አይደለም፤ ኖራ ድንጋዩ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) ለመሆን ሲቃጠል ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣ ነው። ምድጃውን በዓባይ መብራት ብታቃጥለው እንኳ አይቀርም። አውሮፓ ካርቦን በበዛባቸው ሸቀጦች ላይ በድንበሯ የምታስከፍለው ክፍያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሲሚንቶም አለበት። የእኛ ሲሚንቶ ግን አገር ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ በዚህ በኩል አይነካንም። የሚነካን ፋብሪካው ለማስፋፊያ የውጭ ብድር ሲፈልግ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በውጭ አገር አዲስ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ አልሠራም ስትል የወለድ ጭማሪ አልጠየቀችም፤ በሩን ነው የዘጋችው። ሽግግር በብድር ገበያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው፤ ብድሩ አይወደድም፤ የሚሰጠው ይጠፋል። የአንቺ ደንበኛ በአምስተኛው ዓመት ብድሩን ለማራዘም ሌላ ባንክ ቢሄድ፣ ያ ባንክ ለማደያ ማበደር አቁሞ ቢጠብቀውስ?


አብማ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌሎቻችሁም።

ቤንዚንና ናፍጣውን ለየብቻ ጠየቅሁት። በማግሥቱ የአባቱን ደብተር ይዞልኝ መጣ። ሽማግሌው በየቀኑ በእጃቸው ሲጽፉ የኖሩት ነው፤ ዘይት የነካው ጠርዙ እርስ በርሱ ተጣብቆ ገጹን በምላጭ ማለያየት ነበረብን። ለባጃጅ የተቀዳውን ሁሉ ከጎኑ «ባ» ብለው ምልክት አድርገውበታል። በዱቤ ይቀዱላቸው ስለነበር መለየት ነበረባቸው። ባንካችን ለዓመታት ያልጠየቀውን መረጃ ዱቤ አስቀመጠልን።

ያየሁት ጋሼ ካሉት አይርቅም። የከተማው ማደያ ሽያጭ ትልቁ ድርሻ ቤንዚን ነው፤ ከቤንዚኑም ብዙውን የሚጠጣው ባጃጅ ነው። ስለዚህ ለኮሚቴ ያዘጋጀሁት ሐሳብ ይህ ነው። ብድሩ ለሁለት ይከፈላል። ቦቴዎቹ በራሳቸው አጭር ዘመን ይወሰዳሉ፤ ሌላ ሥራ ላይ ሊውሉና ሊሸጡ ይችላሉና። ለማደያው ግንባታ የሚሰጠው ብድር ዘመኑ ከስምንት ወደ አምስት ዓመት ወርዷል፤ የእፎይታ ጊዜውም ግንባታው እስኪያልቅ ብቻ ነው። የከተማውን ማደያ በመያዣነት ተቀብያለሁ፤ የቆጠርኩት ግን መሬቱንና ሕንፃውን ለሌላ ንግድ ቢውሉ በሚያወጡት ዋጋ ነው፤ ታንከሩንና ፓምፑን በዜሮ። ውሉ ላይ ደግሞ በየስድስት ወሩ ሊትሩን በዓይነት ለይቶ እንዲያቀርብና የመንገድ ዳሩ ናፍጣ ከተስማማንበት መጠን በታች ከወረደ ተጨማሪ መያዣ እንዲያመጣ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገብቻለሁ። የመንገድ መዘጋትንም ለብቻው ጽፌዋለሁ፤ የቦቴ ሰው፣ አልተሽኮረመምሁም።

ሥራ አስኪያጃችን አምስት ዓመቱን ሲያዩ «ደንበኛ ታሸሺብኛለሽ» አሉ። ደንበኛው ግን ብዙም አልከፋውም። ወርሃዊ ክፍያው ስለከበደው የግንባታውን ስፋት ቀነሰው፤ ለቤንዚን ሊቀብር ካሰባቸው ታንከሮች አንዱን አስቀረ። እንዲያውም ለወደፊቱ ቻርጅ ማድረጊያ የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ልተውለት ይላል። ያስቸገረን ትራንስፎርመሩ ነው። ወጪው በብድሩ ውስጥ ይግባ ወይስ መስመሩ እስኪመጣ ይቆይ? በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ብትነግሩኝ።


የቦቴ ሰው፦

ታንከር መቀነሱን ሰማሁ፤ ይሁን፤ ናፍጣውን እስካልነካችሁ ድረስ ሰላም ነን።

ስለ ትራንስፎርመሩ፣ እኔ ጋራዤ ላይ ብየዳ ለማስገባት ጠይቄ አውቀዋለሁ። ገንዘቡን ቀድመሽ አታበድሪው፤ ወለዱ መቁጠር ይጀምራል፤ ትራንስፎርመሩ ግን መቼ እንደሚመጣ የሚነግርሽ የለም። አሁን መሬቱ ክፍት እያለ የገመዱን ቱቦ ኮንክሪቱ ሥር ይቅበረው። እሱ ርካሽ ነው። ኋላ ኮንክሪት መስበር ነው ሰው የሚያስለቅሰው።


ጢስ ዓባይ ማዶ፦

ቱቦውን ግንባታው ውስጥ አስገቢው፤ ትራንስፎርመሩን አውጪው። መስመር የሚገባለት መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከመብራት ኃይል ሲያመጣ ለብቻው ትንሽ ብድር ይጠይቅ፤ ያን ጊዜ የመንገድ ዳሩ የሊትር ሪፖርትም በእጅሽ ይኖራል።